ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ

መምህሩ ሻዩን ሲያማስል ማንኪያው ብርጭቆውን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። ሲጨርስም ማንኪያውን ሳህን ላይ አይጥለውም፤ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሕፃን ቀስ አድርጎ ዳቦው ላይ ያስተኛዋል። ታላቅ እህቱ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዳቦውን በእጇ ትቆርሳለች፤ ቢላዋ ሳህን ላይ ይጮሃላ። እሷ ሽበት የጀመራት፣ እሱ ፀጉሩ ከፊት የሸሸው፣ ሁለት ጎልማሶች በገዛ ቤታቸው እንደ ሌባ ተሸማቀው ቁርሳቸውን ይበላሉ። ምክንያቱም ከመጋረጃው ወዲያ አባታቸው ተኝተዋል።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የእህል መጋዘን ሲጠብቁ ያደሩ ሰው ናቸው። ሌሊት ይጠብቃሉ፣ ቀን ይተኛሉ። ልጆቹ በአንዲት ክፍል ውስጥ «ቀስ፤ አባታችሁ ተኝቷል» እየተባሉ ነው ያደጉት። ሲያለቅሱ ትራስ ውስጥ፣ ሲስቁም ትራስ ውስጥ። ከዚያ እናት አረፈች፣ አባት ጡረታ ወጡ፣ ቤቱም ክፍል ተጨመረለት፤ ደንቡ ግን እንደነበረ ቀረ። አባትየው ዛሬም ጎህ ሲቀድ ይተኛሉ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተነስተው ካፖርታቸውን ይደርባሉ፣ በትራቸውን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ። ምን እንደሚጠብቁ የጠየቃቸው የለም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ብረት በያጅ ከማለዳ ጀምሮ ጆሮ ሲበሳ ይውላል፤ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። «ብረቱን ለምደውት ነው፤ የኛ ወሬ ግን ይቀሰቅሳቸዋል» ይባባላሉ ልጆቹ በሹክሹክታ። ቤተሰብ አንዴ ያመነውን ነገር ማን ያስለቅቀዋል?

የዚያን ቀን ቅዳሜ ነበር። መምህሩ ከሻዩ ብርጭቆ አጠገብ ካርቶኖቹን ዘረጋቸው፤ ክብ ክብ አድርጎ የቆረጣቸው፣ ግማሹን ቀይ፣ ሩቡን ቢጫ የቀባቸው። የካርቶን ዋጋ እንኳ ሽቅብ ወጥቷል፤ እሱ ግን ከደመወዙ ይገዛል። ኮሌጅ ውስጥ መሠረታዊ ሂሳብ ነው የሚያስተምረው። የቅዳሜ ተማሪዎች ሁሉ፣ የትኛውንም ሙያ ይማሩ፣ የሱን ትምህርት ካላለፉ ሰርተፍኬት የለም። ተማሪዎቹም ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ሹፌር አለ፣ ፀጉር ሠሪ አለች፣ ከነሱም መካከል አንዷ ይህችው ታላቅ እህቱ ናት። ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሞግዚት ሆና ስንት ዘመን ከሠራች በኋላ የማቆያው ባለቤት «ያለ ሰርተፍኬት ከእንግዲህ አይሆንም» ብላት ነው የተመዘገበችው። እህትና ወንድም መሆናቸውን ክፍሉ አያውቅም። እሱ «እርስዎ» ይላታል፣ እሷም «መምህር» ትለዋለች፤ ቤት ሲገቡ ያስቃቸዋል፣ በሹክሹክታ።

«ይህ ሙሉ ነው» አላት፣ ያልተቆረጠውን ክብ ካርቶን ከፍ አድርጎ። ትምህርቱን ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ግማሹን፣ ከዚያ ሩቡን አሳያት። በልጅነቷ አልገባ ብሎ ያስለቀሳት ክፍልፋይ ወንድሟ በካርቶን ሲያሳያት እንደ ውሃ ነው የፈሰሰላት፤ ያንንም ነገረችው።

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚጠሉኝ?» አለ።

በየመንፈቁ መጨረሻ ተማሪዎች መምህራቸውን ይመዝናሉ፤ ከአንድ እስከ አምስት። ያለፈው መንፈቅ የሱ ውጤት ወርዶ ወርዶ ነበር የተገኘው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቢሮው አስቀምጦ በዚህ መንፈቅም እንዲህ ከሆነ ውሉን ማደስ እንደማይችል በትሕትና ነገረው። የነገረው ቁጥሩን ብቻ ነው። ለምን እንደወረደ ቁጥሩ አይናገርም፣ ተማሪውም ከቁጥሩ ሥር ምንም አልጻፈም። መምህሩ አሰበ፣ አሰበና ጥፋቱ የዝግጅት ማነስ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲህ ነው ካርቶኑ፣ ቀለሙ፣ በየሳምንቱ አዲስ ምሳሌው። አንድ የጡረታ ዕድሜው የደረሰ መምህርም ምክር ለግሶት ነበር፤ ክፍሉ ሲንጫጫ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ ብሎ። መምህሩ ያንን ምክር በሁለት እጁ ነው የተቀበለው። ድሮም ዝቅ ያለውን ይበልጥ ዝቅ አደረገው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምዘናው ነበር።

እህትየው ግማሽ ቀን ማቆያው ዋለች። እሷ ጋ ያሉት ሕፃናት በሰፈሩ ጭምትነታቸው የታወቀ ነው፤ ተረት ስትነግራቸው ጭኗ ላይ ወጥተው፣ አንገቷ ሥር ተጠግተው ነው የሚያዳምጡት። የማቆያው ባለቤት እንግዳ ስታስጎበኝ የእሷን ክፍል ነው የምታሳየው። ለሷ ዝቅ ያለ ድምፅ በረከት እንጂ ጉዳት ሆኖ አያውቅም። በዚያ ቀን ግን የአንዷ ሕፃን እናት ዘገየችባት። ልጅቷን አቅፋ በር ላይ ቆመች፣ እናትየዋም መንገድ ተዘግቶባት ኖሮ እያለከለከች ይቅርታ እያበዛች መጣች። ሞግዚቷ ኮሌጁ ስትደርስ ትምህርቱ ተጀምሮ ነበር። ዓይኗ ስለሚደክም ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ሰሌዳው ሥር ነበር የምትቀመጠው፤ ያ ቦታ ተይዟል። ጎንበስ ብላ በኋላ በር ገባችና መጨረሻው ረድፍ ላይ ከፀጉር ሠሪዋ አጠገብ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ጆሮዋ የተደፈነ መሰላት። ትንሿን ጣቷን ከታ አወዛወዘችው። የጠመኔው ፍጭርጭር ይሰማል። ከታች የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። የፀጉር ሠሪዋ ማስቲካ ሳይቀር ይሰማል። ወንድሟ ግን ከሰሌዳው ፊት ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እንደ ዓሣ። ቀዩን ካርቶን አነሳ፣ ቢጫውን አጠገቡ አደረገ፣ ዓይኑ በራ፣ አንድ ነገር አለና ፈገግ አለ። ፈገግ ያለበትን ቦታ ታውቀዋለች። ጠዋት ክፍልፋይ ሲያሳያት ስለ ዳቦ ተናግሮ ያሳቃት ቀልድ ነው። ከፊት ያሉት ሳቁ። ከመካከል ጀምሮ ያለው ሕዝብ ስልኩን ይነካካል፣ አንዱ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል።

«እማማ፣ ዛሬ ከኛ ጋር ነዎት? እንኳን ወደ ሲኒማው በደህና መጡ» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ።

«የምን ሲኒማ?»

«ድምፅ የሌለው ነዋ። መምህሩን ሳይለንት ነው የምንላቸው፤ ስልክ ላይ እንዳለው። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ኔትወርክ የለም።»

ፀጉር ሠሪዋ ወሬ ትወዳለች፣ ሥራዋም ነውና ሳታቋርጥ ነገረቻት። ለፈተናው ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ደብተር እየለመኑ እንደሚገለብጡ፣ ለሷ ራሷ የፀጉር ቀለም ልኬት ላይ ክፍልፋይ በጣም እንደሚያስፈልጋት፣ ባለፈው በመገመት የአንዲት ደንበኛን ፀጉር ብርቱካናማ እንዳደረገች። ለምን አትነግሩትም ብላ ጠየቀቻት ሞግዚቷ። ፀጉር ሠሪዋ ሳቀች። የመጀመሪያው ቀን ሹፌሩ እጁን አውጥቶ አይሰማም ብሏቸው ነበር አለች። እሳቸውም መለሱለት። ምን ብለው እንደመለሱ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ አልተሰማም። ከዚያ በኋላ ተዉት። መምህርን፣ ትልቅ ሰውን፣ ደጋግሞ ይጩኹ ማለት ነውር ነው። ደግሞም ንቀውናል፣ የሚያስተምሩት ለፊተኞቹ ብቻ ነው አለች፣ ማስቲካዋን ማኘክ ትታ። ሞግዚቷን ከሁሉ ይህ ወጋት። ያ በየምሽቱ ለነዚህ ሰዎች ካርቶን ሲቆርጥ የሚያመሽ ልጅ፣ ንቆናል ይሉታል። እሱ ደግሞ ጠሉኝ ይላል።

ይህን ስታሰላስል የኮሌጁ የጥራት ቢሮ ፀሐፊ የምዘናውን ወረቀት ታቅፋ ገባች። ደንቡ ነውና መምህሩ ካርቶኖቹን ሰብስቦ ሊወጣ ተነሳ። እህቱን እንደ ወትሮው ከፊት ፈለጋት፣ አጣት፣ በር ላይ ሲደርስ ከኋላ አያት። ግራ ገባው፤ ወጣ፣ በሩም ተዘጋ።

ፀሐፊዋ እንደ ተቀዳ ድምፅ አንበለበለችው። ስም አይጻፍም፣ ከአንድ እስከ አምስት፣ ከታች ለአስተያየት ባዶ ቦታ አለ፣ የፈለገ ይጻፍ። ያን ጊዜ የክፍሉ ተወካይ ሹፌሩ ተነሳ። ወፍራም፣ ደስ የሚል ድምፅ አለው፣ ታክሲ ተራ ላይ ተሳፋሪ ሲጠራ የኖረበት። ቅዳሜ ለሹፌር ገበያ ነው፤ እሱ ያንን ገበያ ጥሎ ነው እዚህ የሚቀመጠው፣ በፈተናውም ወድቋል።

«ጎበዝ፣ አንድ ነን አይደል? ከላይ እስከ ታች ሁላችንም አንድ እንስጥ። ሌላ መምህር ይምጣልን።»

ማንም አልተቃወመም። እስክሪብቶዎች ተነሱ። ሞግዚቷ ወረቀቱን አየችው። «ትምህርቱን በግልጽ ያቀርባል» ይላል። እንደ ሁልጊዜው ከፊት ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ዓይኗን ሳታሽ አምስት ትል ነበር። አሁን ግን ከኋላ ናት። አምስት ብትል ይህችን ፀጉር ሠሪ መዋሸት ነው። አንድ ብትል የእናቷን ልጅ ከሥራ ማስወጣት ነው፣ ያውም ለምን እንደወጣ ሳያውቅ። ሳታስበው ተነስታ ቆመች።

«ልጆቼ፣ አንድ ቃል ላስቸግራችሁ» አለች።

«አይሰማም!» አለ ሹፌሩ ከመካከል። ክፍሉ በሳቅ ተነቃነቀ።

ደገመችው፤ አሁንም አልተሰማም። በዕድሜዋ ሙሉ ከትራስ ውጭ ያላወጣችው ድምፅ ከየት እንደሚነሳ ራሷም አታውቅም ነበር።

«እህቱ ነኝ!»

ከሆዷ ነው የወጣው። መስኮቱ የተንቀጠቀጠ መሰላት። ፀጉር ሠሪዋ ማስቲካዋን ዋጠች። ሳይለንት፣ ሲኒማ፣ ኔትወርክ እያለች የዘበዘበችው ሁሉ በዓይኗ ላይ ሲሄድ ይታይ ነበር። ሞግዚቷ ግን አንዴ የተከፈተው ድምፅ እንዳይዘጋባት ፈርታ ቀጠለች። ቁጥር እንዲቀይሩ እንደማትለምናቸው ነገረቻቸው። እሷም ዛሬ ከኋላ ተቀምጣ ምንም አልሰማችም። ግን ቁጥር ብቻ ሲደርሰው ጠልተውኝ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፤ ምክንያቱን ከሥሩ ጻፉለት አለቻቸው። ከዚያም ስለ አባቷ ነገረቻቸው፤ ቀን ስለሚተኛው ዘበኛ፣ ዳቦ ላይ ስለሚተኛው ማንኪያ፣ ትራስ ውስጥ ስለሚሳቀው ሳቅ።

ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ሰማ። «እና እስከ ዛሬ ተኝተዋል?» አለ በመጨረሻ። ይኼኛው ሳቅ የመጀመሪያውን አይመስልም ነበር። «እኔ በበኩሌ የሰጠኋትን አንድ አልቀይራትም፣ እማማ» አለ ሹፌሩ፣ እየተቀመጠ። «ግን ድምፁ ነው ለጆሮዬ ያነሰኝ፣ ሰውየውስ አልበደሉኝም ብዬ እጽፋለሁ።» ፀጉር ሠሪዋም ባዶውን ቦታ ሞልታ በጀርባውም ጻፈች።

ለፀሐፊዋ ግን ደንብ ደንብ ነው። ወደ ሞግዚቷ መጥታ፣ ዘመድ መሙላት እንደማይፈቀድ በጆሮዋ ነገረቻትና ወረቀቷን ወሰደችባት። ደግነትም አልጎደላትም፤ ተመሳሳይ አስተያየት ከበዛ ኃላፊው ከመወሰኑ በፊት የሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ክፍሉ ገብቶ እንደሚያይ ጨምራ ነገረቻት። የት ይቀመጣል ብላ ጠየቀች ሞግዚቷ። «ሁልጊዜ ከኋላ ነው» አለች ፀሐፊዋ።

ወንድምና እህት ከኮሌጁ አብረው አይወጡም። እንደ ልማዳቸው እሱ ከጫማ ሠሪው ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቃት። ካርቶኖቹን በብብቱ ይዟል። ጥቂት መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። በዚያ ቤት ዝምታ ኩርፊያም አይደለ፣ ቅሬታም አይደለ፤ የተወለዱበት ነው። ኋላ ላይ እሱ ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት ሴት ስትጮህ ሰምቶ ደንግጦ እንደነበር ነገራት፤ ማን ነበረች አላት።

«እኔ ነኝ።»

ቆመ። ድምፅዋን አላወቀውም ነበር።

«ወረቀቴን ቀሙኝ» አለችው። «ዘመድ አይመዝንም አሉ። ስለዚህ በቃል ልንገርህ። ከፊት ሆኜ አምስት ነህ። ዛሬ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ወንድም ዓለም፤ አንድ ነህ። ድምፅህ አይሰማም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ተቀየማት፤ ፈጠን ብሎ ጥሏት ሄደ፣ ካርቶኖቹ ከብብቱ ሊወድቁ አሉ። የዳቦ ሱቁ ጥግ ላይ ሲደርስ ጠበቃት። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አለ። ነግረውህ ነበር አለችው፤ ሹፌሩ የመጀመሪያው ቀን ነግሮህ ነበር። እሱም ትዝ አለው። «ጸጥ ብላችሁ ካዳመጣችሁ ይሰማል» ብሎ ነበር የመለሰለት። ይህን ሲነግራት ራሱ ሳቅ ያዘው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለውም። ሳቅህም አይሰማም አለችው፣ እሷም በዚያው ሳቀች።

ቤት ሲደርሱ ፀሐዩ ለመጥለቅ ተቃርቧል። እህትየው ግቢው መሐል አቆመችውና እሷ ሄዳ ኩሽናው በር ላይ፣ ከግድግዳው ተጣብቃ ቆመች። የኋላ ረድፍ መሆኗ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ኃላፊው የሚቀመጥበት። ጀምር አለችው። እሱ ወደ አባታቸው መስኮት በአገጩ አመለከተ። ተኝተዋል አለ፣ በከንፈሩ። ከአጥሩ ወዲያ ያ በያጅ ብረት እየቆረጠ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ያፏጫል። እህትየው ብረቱን ሰማች፣ መስኮቱን አየች፣ እንደገና ብረቱን ሰማች። እዚያ ቤት ኖራ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ጎን ለጎን ያደረገችው። እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ ከፍ አድርግ የሚል ምልክት።

«ይህ ሙሉ ነው» አለ።

«አይሰማም።»

«ይህ ሙሉ ነው።»

«አይሰማም፣ አንተ።»

ጉሮሮው ተሰነጠቀበት፣ ድምፁ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፣ ሊተው ፈለገ። እሷ ከግድግዳው አልተላቀቀችም። መላልሶ ሲሞክር በመጨረሻ ያ ድምፅ መጣ፤ የሱ አይመስልም፣ ወፈር ያለ፣ ትንሽ የዛገ፣ እንደ ከረመ በር። «ይህ ግማሽ ነው! ግማሹን ለሁለት ብንከፍለው ሩብ ይሆናል!» ከአጥሩ ወዲያ ብረቱ ጸጥ አለ። በያጁ መከላከያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብቅ አለና ሰው ሞቶባችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ካርቶን የያዘ ጎልማሳ ሲያይ ግራ ተጋብቶ እዚያው ቀረ።

ያን ጊዜ ነው መጋረጃው የተገለጠው። አባትየው ካፖርታቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው ደፉ ላይ ቆሙ። ሁለቱ ልጆች እንደ ድሮው ተሸማቀቁ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ።

«ድምፅ ሰማሁ ልበል?» አሉ። «እኔ ተኳርፋችሁ መስሎኝ ነበር። እናታችሁ ካረፈች ወዲህ እናንተ ስትነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ፣ ዝም። ማን ማንን እንደበደለ አላውቅ፣ እንዴት አድርጌ ላስታርቅ? ኩርፊያ ባለበት ቤት ነቅቶ ከመዋል ብዬ ነው እኔስ ቀን ቀን የምተኛው።»

እህትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስንት ዘመን በሹክሹክታ የኖሩላቸው ሰው ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ልጆቹ አባት ስለተኙ ዝም ይላሉ፣ አባት ዝም ስለተባለ ይተኛሉ። መምህሩ ወደ አባቱ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ተኳርፈን አናውቅም» አላቸው።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ሳያነሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሰማም።»

«ተኳርፈን አናውቅም!»

«እሰይ!» አለ በያጁ ከአጥሩ ላይ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወንበራቸውን ሳቡ። እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግቢው አዙረው ተቀመጡ፣ በትራቸውንም ጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ሴት ልጃቸው ሄዳ ካጠገባቸው ቆመች፤ እጃቸው የሷን እጅ ፈልጎ ያዘ። ከዚያ በበትራቸው ጫፍ ወደ ካርቶኖቹ አመለከቱና፣ ያን ክብ ነገር ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው እንዲነግራቸው ልጃቸውን ጠየቁት።

መምህሩ ቀዩንና ቢጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያልተቆረጠውን ካርቶን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ፣ ደረቱን ሞላ፤ ከደፉ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩም ወዲያ እስኪሰማ ድረስ፣ «ይህ ሙሉ ነው» አለ።